ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ

ባለፈው ቅዳሜ ከጉሊት የገዛሁትን ጎመን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስለቅም፣ ከእስሩ መሃል አንድ ነጭ ሥር ተጠማዞ ወጣ። ጎመኑን ያሰረችው ሴት ሳታየው አብራ ጠቅልላው ይሆናል። ቀጭን፣ ባለ አንጓ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ። በጣቴ ስሰብረው ቀጭ አለና እርጥብ አፈርና ጥሬ እሸት የተቀላቀለበት ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ሰርዶ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተከትሎኝ መጣ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቁ አልቆየም። ያ ሽታ መቼም ብቻውን አይመጣም፤ የእናቴን ጀርባ ይዞ ይመጣል። እናቴ ጓሯችን ውስጥ ተንበርክካ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የጠዋት ፀሐይ ትከሻዋ ላይ አርፎ። ከጎኗ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ጀርባ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ እኔም በተራዬ ልጆች ወልጄ፣ ያንን ሳስታውስ ዛሬም ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ያቃጥለኛል። ስሙን አሳምሬ ልጠራው እችል ነበር፤ ግን ምን አደከመኝ፣ ቅናት ነው።

ያደግኩት ኮልፌ ነው። ቤታችን ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ የጭቃ ቤት ነበር፤ ፊቱ ጠባብ፣ ጓሮው ሰፊ። እናቴ ከጉራጌ አገር የመጣች ሴት ናትና ባዶ መሬት ማየት አትችልም። በአጥሩ ዙሪያ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ጎመን፣ ከጎመኑ ወዲህ ድንችና ቀይ ሥር፣ ጥግ ላይ ጤና አዳም። ነፋሱ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ከቆሼ በኩል የዞረ ቀን ሰፈሩ በሙሉ መስኮቱን ሲዘጋ፣ እሷ ጤና አዳሙን በመዳፏ አሸት አድርጋ አፍንጫዬ ሥር ታመጣውና "በይ አሁን ተንፍሺ" ትለኝ ነበር።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ቀን ይበልጣል። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ስለዚህ ቤቱም ጓሮውም የእኔና የእናቴ ነበር ማለት ይቻላል፤ እኔም እንደዚያ ሆኖ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ሥራና ጸሎት ለይታ አታውቅም። ጴንጤ ነን፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እጁን አንስቶ የሚጸልይ ሞልቷል፣ አረም እየነቀለ የሚጸልይ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም። እያንዳንዱ መደብ የሚጸለይለት ሰው ነበረው። ድንቹን ስታርም ለአባቴ ትጸልያለች፤ ለፍሬኑ፣ ለጎማው፣ መንገድ ላይ ለሚጋብዙት ጓደኞቹ። ቀይ ሥሩ የመጋቢውና የመዘምራኑ ነው። በአጥሩ በኩል ያለው ጎመን የጎረቤቶቻችን ነበር፤ በተለይ ሙዚቃ ከፍ አድርገው የሚከፍቱት ጎረቤቶች ጎመናቸው አንድም ቀን አረም አልነበረበትም። ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ ደግሞ፣ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ፣ ጎመን ቢሉ ካሮት ቢሉ የማይከለክል፣ የእኔ ነበር። "የልጄ መደብ" ነው የምትለው።

እኔ የቧንቧው ሲሚንቶ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት አጥፋ ጉልበቷ ሥር ታነጥፋለች። "ጌታ ሆይ፣ ይችን ልጅ በሒሳብ እርዳልኝ። ምላሷን አሳጥርልኝ። ትናንት እቃ ሳታጥብ የተኛችውን ይቅር በልልኝ።" እየሰማሁ መሆኔን ስለምታውቅ ግማሹ ጸሎት፣ ግማሹ ተግሣጽ ነበር። ቢሆንም ስሜ ከአፈሩ ውስጥ እየተነሳ ወደ ሰማይ ሲሄድ መስማት፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ሀብት ኖሮኝ አያውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አገር ቤት ሞተች። እናቴ ለለቅሶ ሄዳ ልጅቷን ይዛ ተመለሰች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፀጉሯ ለሐዘን የተላጨ። ከታክሲ ስትወርድ የእናቴን ነጠላ ለብሳ ነበር። እናቴ ያለ ነጠላ፣ በሹራብ ብቻ፣ ብርድ እየመታት ከኋላዋ ወረደች። የእኔ ነገር የጀመረው ከዚያች ነጠላ ነው።

አዘንኩላት ወይ? አዎ፣ አዝኛለሁ። ማታ አልጋዬን ስንጋራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንፋሿን አፍና ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ያኔ እኔም አለቅሳለሁ። ጠዋት ሲነጋ ግን እቀናለሁ። ማዘንና መቅናት አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ማደር ይችላሉ፤ አይችሉም የሚል ሰው ካለ እህት ያልመጣበት ነው።

ልጅቷ ስትመጣ አማርኛዋ ጥቂት ነበር። እናቴ በጉራጊኛ ታወራታለች። እኔ ቋንቋውን አላውቀውም፤ አባቴ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ቤታችን ውስጥ ከአማርኛ በስተቀር ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ሌላ ቋንቋ እንዳላት የማስታውሰው እንኳ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ብቻ ነበር። አሁን ግን ጠዋትና ማታ ሆነ። ቋንቋው ብቻ ቢሆን ምንም ባልነበር፤ ሳቋ ተለወጠብኝ። እናቴ በአማርኛ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በጉራጊኛ ስትስቅ እጇን ትረሳዋለች፣ ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። አሥራ ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያን ሳቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ለእኔ ሸሽጋ ለመጤ አወጣችው ብዬ አኮረፍኩ።

"ለምን አላስተማርሽኝም?" አልኳት አንድ ቀን።

"ምን ያደርግልሻል ብዬ ነዋ። እኔ ከአገር እንደመጣሁ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰው ይስቅብኝ ነበር። አንቺ ላይ ማንም እንዳይስቅ ብዬ ነው።"

"አሁን እሷ ላይ ማን ሳቀ?"

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። "አንቺ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ልጅቷ "ቧንቧ" ስትል ቃሉን እንዴት እንደምትለው ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አሳይቼ አስቄአቸው ነበር። ፋራ ናት ብዬ ነበር። ማን እንደነገረብኝ አላውቅም፤ ኩም ብዬ ወጣሁ።

ጓሮው ላይ ደግሞ ጭራሽ ዙፋን ተሰጣት። ገና በመጣች በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠራት ወጥታ ከእናቴ ጎን ተንበረከከችና ማረም ጀመረች። እጇ ያውቃል። እኔ ቅጠሉን ይዤ ጎትቼ ሥሩ መሬት ውስጥ ሲቀርብኝ፣ እሷ ጣቷን አፈሩ ውስጥ አስገብታ ሰርዶውን ከአንጓ ወደ አንጓ እየተከተለች ክንድ ሙሉ ታወጣዋለች። ሰርዶ ተንኮለኛ ነው፤ ላዩ ሣር ይመስላል፣ ኑሮው ግን ከታች ነው። አንዴ እንዲያውም ድንች በስቶ አልፎ አይቻለሁ። እናቴ የነቀለችውን በፍጹም መሬት ላይ አትጥለውም፤ ልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ሰቅላ ፀሐይ እስኪገድለው ትጠብቃለች። "ሰርዶ አይቆረጥም፣ ይከተሉታል እንጂ" ነው የምትለው።

ያን ሰሞን ጸሎቷም ቋንቋ ለወጠ። ከልጅቷ ጋር እያወራች ትጀምርና በዚያው ቋንቋ ወደ ጌታ ትሻገራለች። ድንቹ ላይ የአባቴን ስም እሰማለሁ፤ ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ ላይ የእኔን ስም እሰማለሁ። ከስሜ በፊት ምን እንዳለች አላውቅም፣ ከስሜ በኋላ ምን እንዳለች አላውቅም። ልጅቷ ግን ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ሰርዶዋን እየጎተተች "አሜን" ትላለች። ስለ እኔ ለእግዚአብሔር ምን እየተነገረ እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት በአማርኛ፣ ለእኔም ጥርት ብሎ በሚሰማኝ አማርኛ፣ እናቴ "ዛሬ የልጆቼን መደብ እንጨርስ" አለች። የልጆቼን። መደቡ የልጄ ነበር። ልጅቷም "እሺ እማዬ" አለች። እስከዚያን ቀን አክስቴ ነበር የምትላት። ሲሚንቶው ላይ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ገባሁ፤ ምሳም አልበላሁም፤ ማንም ደግሞ ምሳ አለመብላቴን አላየልኝም።

በዚያ ሳምንት የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ስለጠፋው ልጅ አስተማረን። ክፍሉ በሙሉ ለተመለሰው ልጅ ሲያዝን እኔ እጄን አወጣሁና "ያ ታላቅ ወንድሙስ ምን አጠፋ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ሲያገለግል ኖሮ ሙዚቃውን ከደጅ ነው እንዴ የሚሰማው?"

አስተማሪው ወጣት ነበር፤ ሳቀና "ማን ከደጅ አቆመው? ራሱ ነው እኮ አልገባም ያለው" አለኝ።

መልሱ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ስለዚህ ልወዳደር ቆረጥኩ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት እናቴና ልጅቷ አብረው ወደ እህቶች ጸሎት ሄዱ። እኔ የቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ልክ በሩ ሲዘጋ የአባቴን ዶማ አወጣሁና ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ ላይ ወጣሁ። ሰርዶው ከካሮቱ መሃል ለምልሞ ነበር። መከተል ምን ያደርጋል? ዕድሜ ልኬን ስከተል ልኖር ነው? በዶማው እየከተከትኩ፣ እየገለበጥኩ፣ ካሮቱንም ያለ ጊዜው እየነቀልኩ መደቡን ከዳር እስከ ዳር አመስኩት። ከላይ የታየኝን ቅጠል ለቃቅሜ ጣልኩ፤ አፈሩን በእጄ ደልድዬ፣ በውሃ ረጭቼ፣ እንደ አዲስ ሊጥ አስተካከልኩት። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ "አሁን ማን እንደሆነ ልጅሽ ታያለሽ" እል ነበር፤ ይሄም ጸሎት ከተባለ እግዚአብሔር ሰምቶታል።

ሲመለሱ እናቴ በጓሮው በር ላይ ቆመች። "ወይ የኔ ልጅ!" አለች። በአማርኛ። እጄን ይዛ ውሃ የቋጠረውን መዳፌን ገልብጣ አየችው፣ እፍ አለችበት፣ ጉንጬን ሳመችው። ልጅቷ መደቡን አየች፤ ጎንበስ ብላ አንድ ነጭ ቁራጭ ከአፈሩ ላይ አነሳች፣ እንደገናም አስቀመጠችው። እኔ ግን ቀንታለች ብዬ ደስ አለኝ። ያን ማታ ራቴን እንዴት አጣጥሜ እንደበላሁ!

ያን ሳምንት ዝናቡ ጀመረ፤ የኮልፌ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ቆርቆሮው እስኪደነቁር ነው። ጓሮ ለብዙ ቀን አልወጣንም። ፀሐይ ብልጭ ባለ ጊዜ ወጥቼ ሳይ መደቡ አረንጓዴ ለብሷል። ሰርዶ በሰርዶ። ድሮ እዚህም እዚያም የነበረው አሁን እንደ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። እያንዳንዱ የከተከትኩት ቁራጭ፣ አንጓ ያለው ሁሉ፣ ራሱን ችሎ ቤት መሥርቷል። በአንድ ዶማ ስንት ሰርዶ እንደዘራሁ የሚያውቀው የሰማዩ አባት ብቻ ነው።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ከዚያ "ይሄ የተከተፈ ነው" አለች። አልተቆጣችም። ብትመታኝ ይሻለኝ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ምላሴ ግን አላረፈም። "እንክርዳዱን ተዉት፣ እስከ መከር አብሮ ይደግ ይላል አይደል የእግዚአብሔር ቃል?" አልኳት።

"እሱ ለሰው ነው የተባለው" አለች እናቴ። "ለጎመን አልተባለም። ሁለታችሁም ግቡና ዶማ ሳትነኩ በእጃችሁ አውጡት።"

ልጅቷ "እኔ ምን አደረግኩ?" ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። ከረጢቷን አጥፋ ከመደቡ በዚያኛው ጫፍ ተንበረከከች። እኔ በዚህኛው ጫፍ። አገጬ ጉልበቴን እስኪነካ ጎንበስ ብዬ ጭቃውን ስምስ፣ የሰርዶው ጫፍ ጥፍሬ ሥር ገብቶ ሲወጋኝ፣ መጀመሪያ የተናገርኩት የአህያዋን ነገር ነው። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ብዬ ተረትኩ፤ የትኛዋ አህያ እንደሆንኩ ግን አላሰብኩበትም። ልጅቷ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች፤ የእናቴን ሳቅ ሳቀች። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር አለ?

ያን ክረምት ዝናብ ባባራ ቁጥር እዚያው ነበርን። በመሃል አንድ ቀን፣ እናቴ ቤት ውስጥ እያለች፣ የማልጠይቀውን ጠየቅኳት።

"እማዬ ስትጸልይ ስሜን ትጠራለች አይደል?"

"ትጠራለች።"

"ምን ትላለች?"

"ጸሎት ነው።"

"ጸሎት መሆኑንማ አውቃለሁ ባክሽ። ምን ትላለች ነው የምልሽ?"

ልጅቷ የያዘችውን ሥር እስከ መጨረሻው ተከትላ አወጣችው፣ አፈሩን አራገፈችው፣ ሽቦው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ "ለእግዚአብሔር ነው የነገረችው፣ ለእኔ አይደለም" አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ "ከፈለግሽ ቋንቋውን ላስተምርሽ፣ ራስሽ ትሰሚያለሽ" አለች።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ጥፍሬ ደምቶ፣ ልቤ እሺ እያለ አፌ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? "ማን ፋራ ሊሆን!" አለ።

ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። መደቡ በመስከረም ጸዳ፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ አንድ ሁለት ጫፍ ማውጣቱ አልቀረም።

አንድ እሑድ መጋቢያችን ስለ መራራነት ሥር ሰበከ። ወንድሞችና እህቶች፣ ከልባችሁ ንቀሉት እያለ ክንዱን አንስቶ አየሩን በአንድ ጊዜ መዥረጥ አደረገው። ምእመኑ አሜን አለ። እኔ በሆዴ ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ሰርዶ ነቅሎ አያውቅም አልኩ። ሥር እንደዚያ አይነቀልም። ተንበርክኮ፣ ጣት አስገብቶ፣ አንጓ በአንጓ ነው፤ ያም ሆኖ የሚቀር ይቀራል። ልጅቷ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ዘወር ስል እሷም ወደ እኔ ዘወር ብላለች፤ ሁለታችንም ያው ሐሳብ እንደመጣልን ከዓይኗ አወቅኩ። ከመሳቅ ለመዳን መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ፊታችንን ቀበርን። ከብዙ ዓመት ውስጥ ያቺን እሑድ ሳልቀናባት እንደዋልኩ አስታውሳለሁ። በማግስቱ ቀጠልኩ።

አደግን። እሷ አግብታ ወደ ሳንሱሲ ሄደች፣ እኔም አግብቼ እዚሁ ኮልፌ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ብቻዋን ጓሮዋን ይዛ ቀረች። በቅርበት እኔ ነበርኩ፤ በልብ ማን እንደሚቀርብ ግን ልለካ አልፈልግም፣ ስለካ ነው የኖርኩት።

ከዚያ እናቴን ስትሮክ መታት። ሆስፒታል ከርማ ስትወጣ ግማሽ ጎኗ ደክሟል፣ ከዚያ ደግሞ አማርኛዋ ጠፍቷል። ሐኪሙ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል፣ በልጅነት የተማሩት ይቀራል፣ በኋላ የመጣው ይሄዳል አለኝ። ቀለል አድርጎ ነው የነገረኝ። በኋላ የመጣው እኔ ነኝ እኮ አላልኩትም።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታወራኛለች፤ ዓይኔን እያየች፣ እጄን ይዛ፣ ረጅም ረጅም ነገር። አንድ ቃል አይገባኝም። ውሃ ይሆን ብዬ ውሃ አመጣለሁ፣ ብርድ ይሆን ብዬ ብርድ ልብስ እደርባለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትደክማለች፣ ዝም ትላለች። የአክስቴ ልጅ በየቀኑ በሁለት ታክሲ ከሳንሱሲ ትመጣለች። ገና በሩ ላይ ድምፅዋ ሲሰማ የእናቴ ፊት ይበራል። የወለደችኝን እናት ለመስማት የዚያችን ልጅ አፍ መጠበቅ ነበረብኝ። "እግሬን አንሺልኝ እያለች ነው" ትለኛለች፤ አነሳለሁ። "ከስታለች፣ ምን ነካት? እያለች ነው" ትለኛለች። "ስለ ማን?" እላለሁ። "ስላንቺ ነዋ።"

አንድ ከሰዓት እናቴ እንቅልፍ ወስዷት፣ እኛ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ያኔ መደቡ ላይ ሆና ስለ እኔ ምን ነበር የምትለው? አሁን እንኳ ንገሪኝ።"

ያለ ቅድመ ነገር ጠየቅኳት፤ እሷም ምን እንደጠየቅኩ ወዲያው ገባት። የእናቴን አንሶላ ጠርዝ አስተካከለች።

"'ጌታ ሆይ፣ የወለድኳት ጠንካራ ናት፤ እሷን አንተ ያዝልኝ። እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ ሁለቱንም ይችኛዋ ትፈልገዋለች።' ሁልጊዜ ስምሽን ጠርታ ያችኑ ነበር የምትለው።"

"ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?"

"ትጠይኝ ነበራ።"

እውነቷን ነው፣ እጠላት ነበር። ያን ዕለት እንኳ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ተነስቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ለእግዚአብሔር መሰጠት ትልቅ ነገር ነው። ምስክርነት ቆሜ ብናገረው ቤተ ክርስቲያኑ እልል ይላል። ደግሞም ይዞኛል፤ አልዋሽም፣ በብዙ ነገር ይዞኛል፣ ያልወደቅኩባቸውን ቦታዎች ሳስብ የማን እጅ እንደነበር አውቃለሁ። ግን በአሥራ ሦስት ዓመቴ የፈለግኩት የእግዚአብሔርን እጅ አልነበረም። አፈር የነካ፣ ሰርዶ ሰርዶ የሚሸተውን ሁለቱን የእናቴን እጆች ነበር። ይህንንም ለጌታ ነግሬዋለሁ፤ እንደ ሰባኪዎቹ አሳምሬ ሳይሆን እንዲሁ ነግሬዋለሁ። እስካሁን አልተቆጣኝም።

እናቴ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ድንኳን ተጣለ፣ መዘምራኑ መጡ፣ ሰፈሩ መጣ፣ ሰዉ ሁሉ ለእኔ አለቀሰልኝ፤ ልጇ እኔ ነኛ። የአክስቴ ልጅ ወጥ ቤት ነበረች። ማንም እሷን ጌታ ያጽናሽ ያላት አላየሁም፤ እኔም አላጽናናኋትም።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ሁለታችን ብቻ ቀረን። በረንዳው ላይ ሁለት ሳፋ አስቀምጠን የዕድሩን ሳህኖች እናጥባለን፤ እሷ ታጥባለች፣ እኔ ተቀብዬ አደርቃለሁ። ዓይኖቿ አብጠዋል። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ቀና ብላ አየችኝና መናገር ጀመረች። በጉራጊኛ። ቀስ ብላ፣ አንድ ነገር የምታስታውስ መስላ፣ መሃል ላይ ፈገግ ብላ፣ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ። ከዚያ መልሴን ጠበቀች።

እኔ ሳህኑን ይዤ አየኋት።

የምታወራው ከእናቴ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር መሆኑ ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁ። "ውይ" አለች። "ይቅርታ... እኔ እኮ..." አረፋ ባለበት እጇ አፏን ሸፈነች። እናቴ በአማርኛ ስትስቅ እንደምትሸፍነው አይደለም፤ ከውስጥ የሚመጣውን ለማፈን ነው። ከባሏ ጋር በአማርኛ ነው የምትኖረው፣ ልጆቿም እንደ እኔ አዲስ አበቤ ናቸው። ዕድሜ ልኬን የቀናሁበት የሁለቱ ወሬ ከእናቴ ጋር መቃብር ወርዷል፤ እኔ ድሮም አልነበረኝም፣ ያጣችው እሷ ናት።

"ቀጥዪ" አልኳት።

"አይገባሽም እኮ።"

"አይገባኝም። ቀጥዪ።"

ሌላ ሳህን ከሳፋው አወጣች፣ አለቀለቀችው፣ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀጠለች። ሳህኑ እስኪያልቅ ተናገረች፤ እኔም እየተቀበልኩ አደረቅኩ።